ለአዳማ ግቢ፦ ቡገንቪሊያ ወይስ ኦሊያንደር?

ሁለቱም የአበባ ተክሎች የአዳማን ፀሐይ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚገባን ግን የትውልድ ቦታቸውን ስናይ ነው።

ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በየግቢው የምናያቸው ዋና ዋና ዝርያዎች የብራዚል ናቸው። ፈረንሳዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኮመርሶን በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ አግኝቶ በጉዞው መሪ በቡገንቪል ስም ጠራው። በአገሩ በእሾኹ እየተደገፈ ዛፍ ላይ ስለሚወጣ፣ እዚህም አጥር ወይም ሽቦ ይፈልጋል። የሚደምቀው በደረቅ ወራት ነው፤ በየቀኑ የሚጠጣና ፍግ የበዛበት ቅጠል ብቻ ያበዛል። አፈሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርቅ አጠጡት። ሥሩ ስስ ስለሆነ ስትተክሉ ፕላስቲኩን ቅደዱ እንጂ ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ።

ኦሊያንደር ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ ደቡብ ቻይና፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ በሚሞሉ የወንዝ መውረጃዎች ይበቅላል። ስለዚህ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ጥግ የእሱ ነው፤ ቡገንቪሊያ እዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ችግሩ መርዙ ነው፦ ቅጠሉም አበባውም የልብ ምትን ያዛባል። ሕፃን ወይም ፍየል ባለበት ግቢ ጨርሶ አይተከል። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፤ ጭሱም ስለሚመርዝ ቅርንጫፉ ምድጃ ውስጥ አይግባ።