መልቲሜትር ሳይነካ «ዲናሞ ነው» ለሚላችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ

አሮጌ ፒካፕ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሳታነቡ አትለፉ። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብላ ዝም የምትል፣ መብራቷ የሚደበዝዝ፣ ዳሽቦርዷ ላይ የባትሪ ምልክት አልፎ አልፎ ብልጭ የሚልባት መኪና ይዛችሁ ጋራዥ ስትገቡ የሚቀርብላችሁ አንድ «ጥቅል» አለ። ባትሪ፣ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) እና ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው) አንድ ላይ ይቀየሩ ይሏችኋል። «መኪናው አርጅቷል፣ ዛሬ አንዱን ብትቀይር ነገ ሌላው ያስቸግርሃል።» የእጅ ዋጋም እንቀንስልሃለን ይላሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አልለካም።

የእኔዋ ፒካፕ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ኮፈኑን ከፈተ፣ ባትሪውን መታ መታ አደረገ፣ «ሦስቱም አልቀዋል» አለ። ሦስቱም ተቀየሩ። መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆነች። ከዚያ ያው «ጠቅ» ተመለሰ። ስመለስ ደግሞ «እንግዲህ ሽቦው ነው፣ ሙሉ ሽቦ እንደ አዲስ ይዘርጋ» የሚል ሌላ ሂሳብ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ነው ሌላ ባለሙያ ዘንድ የወሰድኳት።

ይህኛው አንድም ብሎን ሳይፈታ መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር የሚለካ መሣሪያ) አወጣ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ «በል አስነሳ» አለኝ። ሞተሪኖ ለመዞር ሲታገል እዚያ መሃል የሚታየው ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ አልነበረበትም። ቁጥሩ 1 ቮልትን አልፎ ሄደ። ከታች ገብቶ ሞተሩን ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን፣ ፈታና አሳየኝ። ከላይ ላስቲኩ ምንም አልሆነም። ጫፉ ላይ ግን መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ትንሽ ሲያጣጥፈው ክሮቹ ጣቱ ላይ ተበጣጠሱ። አዲስ የማሳ ገመድ ገባ፣ የሚታሰርበት ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ተፋቀ፣ አለቀ። ከሦስቱ ዕቃዎች ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁም ነገር አይገባም።

«ታዲያ ለምን ለጥቂት ጊዜ ተሻላት?» ብዬ ጠየቅኩት። አዲስ ባትሪ ጉልበት ስላለው ደካማውን ማሳ ለጊዜው ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ዕቃ ሲፈታና ሲታሰር የዛጉ ጫፎች በመጠኑ ይፋቃሉ። እንግዲህ ሻጩን የሚያድነው ይህቺ ጊዜያዊ መሻሻል ናት። ችግሩ ሲመለስ «ያኔ ሠርታልህ ነበር እኮ፣ ይሄ ሌላ ብልሽት ነው» ይላችኋል።

በአሮጌ ፒካፕ ላይ ማሳን ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር ምክንያት አለው። ጋቢናው፣ የጭነት ሳጥኑ እና ሞተሩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሻንሲው ላይ የተቀመጡ ናቸው። መሃላቸው ላስቲክ፣ ቀለም እና ዝገት አለ። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በጥቂት ገመዶችና ብሎኖች በኩል ብቻ ነው። እነዚያ ደግሞ ጭቃና ውሃ ከሚረጭበት፣ ጭነት ከሚያንገጫግጨው ቦታ ላይ ናቸው። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የሚሸጡላችሁን ሙሉ የኋላ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት የዚያን መብራት ማሳ አስፈትሹ። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል ይዞራል፤ ግራ የሚያጋባው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሞተሩ ማሳ በጣም ሲበላሽ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ መስጫ ካቦ በኩል መንገድ ይፈልግና ካቦው ሲያስነሱ ይሞቃል። ይህን ያየ ሰው ዲናሞ ሊቀይርላችሁ ሲል ዝም ብላችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እነዚህን የያዘ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። ርካሽ የሚባለው መልቲሜትር ይበቃል።

መኪናው ለጥቂት ሰዓት ሳይነሳ ከቆየ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 እና ከዚያ በታች ሊያልቅ የተቃረበ ነው፣ ማለትም ቻርጅ ይፈልጋል እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ተንኮል አለ። የወረደ ባትሪ ላይ የጭነት ሙከራ (ብዙ ኤሌክትሪክ አስወጥቶ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት) አድርገው «ይኸው ወደቀ» ይሏችኋል። መጀመሪያ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፣ ከዚያ ይሞከር። ሲያስነሱ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርደው ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ከሆነ ያኔ ይጠረጠራል።

ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካገኛችሁ ዲናሞው እየሠራ ነው። ትልቁን መብራትና ፋኑን አብሩና ድገሙት። ከ13 በላይ ከቆመ «ዲናሞ አልቋል» የሚለውን ሰው በምን እንዳወቀ ጠይቁት። ከ13 በታች ቢሆን እንኳ ቺንጊያው ላልቶ ይሆናል፣ ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚመጣው ገመድ ዝጎ ይሆናል። ዲናሞው ራሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ካርቦኑ ወይም ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ነው፣ በብዙ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ለብቻው ይቀየራል።

ዲናሞው ይሠራ አይሠራ ለማየት ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅል ሰው ካያችሁ ወዲያው አስቁሙት። የድሮ ልማድ ነው። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ ባንዴ ይዘላል፣ የዲናሞውን ዳዮድም ሆነ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ «ዲናሞህ ተቃጥሏል» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ያቃጠለው ግን ራሱ ነው።

ባትሪው ሌሊቱን የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቁልፍ ተነቅሎ በር ተዘግቶ ሁሉም ነገር ከተኛ በኋላ መኪናው ከባትሪው የሚወስደው ከ50 ሚሊአምፔር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከወሰደ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን መፈለግ ነው። አሮጌ ፒካፕ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በኋላ የተጨመረ ነገር ነው፤ ቴፕ፣ አላርም፣ ተጨማሪ መብራት፣ የተጎታች ሽቦ። አዲስ ባትሪ ብትገዙ እሱም ጠዋት ወድቆ ታገኙታላችሁ።

የተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ አድርጎ «አሁን ሠርቷል» የሚልም አለ። 10 አምፔር የሚገባበት ላይ 30 የሚተክልም አለ። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ፊውዙ መቃጠል ሲገባው ሽቦው ይቃጠላል፣ መኪናውም አብሮ። የፊውዝ ክዳኑን ራሳችሁ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው።

ዕቃ መቀየር ግድ ከሆነም ከመስማማታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የተለካው ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የተፈታው አሮጌ ዕቃ ይመለስላችሁ፤ ታድሶ ለሌላ ሰው «አዲስ» ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነውና። ብዙ ሱቅ ከተገጠመ በኋላ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመልስም፣ ስለዚህ ዋስትናው በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። «አዲስ» የተባለውን ዲናሞ ሳይገጠም በፊት አገላብጣችሁ እዩት። ብሎኖቹ ጫፍ ላይ የቁልፍ ጭረት ካለ፣ ወይም ቀለሙ ስቲከሩን አልፎ ከተቀባ፣ ታድሶ የመጣ ነው። የታደሰ መሆኑ ብቻውን አይከፋም፣ በአዲስ ዋጋ እንዳትከፍሉ ነው።

ከላይ ያልኩትን ጥቅል ተቀብላችሁ ችግሩ ከተመለሰባችሁ ደግሞ ወደዚያው ጋራዥ ከመመለሳችሁ በፊት ቮልቱን ሌላ ቦታ አስለኩና በወረቀት ያዙ። በቃል ከተከራከራችሁ «ሌላ ብልሽት ነው» ብለው ይሸኟችኋል። ወረቀቱ ላይ የማሳው ቁጥር ካለ ግን አዲስ ሂሳብ ከመጻፋቸው በፊት መጀመሪያ ምን ለክተው ሦስቱን እንደቀየሩ መመለስ አለባቸው።