የጠብታ መስኖ ዕቃ በመቂ ዳር ጓሮ

መቂ ከተማ ዳር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው መሬት ላይ ቃሪያና ቲማቲም እናለማለን። በፊት የጉድጓድ ውሃ በሞተር ስበን በቦይ ነበር የምንለቀው። ቤንዚኑ ሲወደድ፣ የጉድጓዱም ውሃ በበጋ ወደ ታች እየራቀ ሲሄድ የጠብታ መስኖ ዕቃ ገዛን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሮቶው (የውሃ ማጠራቀሚያው) ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከሥሩ ማጣሪያና ዋና ቱቦ፣ ከዚያ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ያላቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ውሃው በራሱ ይወርዳል። ሞተር የምናስነሳው ሮቶውን ለመሙላት ብቻ ነው።

በጣም የወደድኩት ውሃው የተክሉ ሥር ላይ ብቻ ማረፉን ነው። በመስመሮቹ መሀል ያለው አፈር ደረቅ ስለሆነ አረሙ ቀንሷል። ላዩን ጭድ ስንጎዘጉዝበት ደግሞ፣ እኩለ ቀን ላይ ጭዱን ገለጥ ብታደርጉት አፈሩ እርጥብ ነው። በዚህ ፀሐይ ይህ ትልቅ ነገር ነው!

ችግሩ መደፈኑ ላይ ነው። የእኛ ውሃ ነጭ ጨው ይተዋል፤ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። የተደፈነውን መስመር አቼቶ በገባበት ውሃ ዘፍዝፌ አጥባለሁ፤ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ አጸዳለሁ። ስንገዛ ስለዚህ የነገረን የለም።

ያናደደኝ ግን መለዋወጫው ነው። አንድ መጋጠሚያ ሲሰበር ሻጩ «ለብቻው አንሸጥም፣ ሙሉውን ውሰጂ» አለኝ። ለአንዲት ፕላስቲክ! ልትገዙ ካሰባችሁ ትርፍ መጋጠሚያ ካልጨመሩላችሁ ብር አትክፈሉ።