ሀዋሳ ያለ አንድ አይሲዩ፦ ከጠዋቱ ሙከራ እስከ ቅዳሜና እሁዱ

አባቴ በከባድ የሳንባ ምች እዚሁ ሀዋሳ አንድ ሆስፒታል አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገብቶ ነበር። የማማርረውም ስላለ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ቬንትሌተር፣ ማለትም በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ የሚያስተነፍሰው ማሽን ላይ ዘመድ ያለው ሰው ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሰው የሚያወራው ማሽኑ ላይ ስለ መግባቱ ነው። አልጋ ተገኘ፣ ማሽን ተገኘ፣ ተመስገን! ከማሽኑ መውጣቱ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቱቦው በቆየ ቁጥር ሳንባው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ የመተንፈሻ ጡንቻውም ሥራ ሲፈታ ይልፈሰፈሳል። ተቸኩሎ ከወጣ ደግሞ እንደገና ማስገባት ይመጣል፤ እሱ የባሰ ነው።

እዚህ ላይ የአይሲዩ ሐኪሞችና ነርሶች ጎበዞች ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚያስተኛውን መድኃኒት ይቀንሱለታል። ሲስተሯ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፤ እጄን ጨበጥ ያድርጉ» ትለዋለች። ከነቃ፣ የደም ግፊቱ ከተረጋጋና የሚሰጠው ኦክስጅን ከ40 በመቶ ካልበለጠ፣ የማሽኑን እገዛ ዝቅ አድርገው ራሱ እንዲተነፍስ ይተዉታል። ሙከራው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ነው። ትተውት ቡና አይሄዱም። ትንፋሹን ይቆጥራሉ፤ የአንገቱ ጡንቻ ሲወጣጠር፣ ላብ ሲያጠምቀው ያያሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ትንፋሹ በደቂቃ ከ35 አለፈ፤ ቁና ቁና ተነፈሰ። ወዲያው ማሽኑን መለሱለት። እኔ እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ግን ረጋ ብሎ «ዛሬ ይረፉ፣ ነገ እንሞክራለን። በቀን አንዴ ይበቃል» አለኝ። ለማጽናናት ያለኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ፣ የስፔን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት በቀን አንዴ መሞከር፣ እገዛውን ቀስ በቀስ ከመቀነስ ይልቅ ቶሎ እንደሚያላቅቅ አሳይተዋል። በቀን ደጋግሞ መሞከርም የተለየ ትርፍ አልነበረውም።

ሙከራውን ካለፈ በኋላም ቱቦውን ዝም ብለው አይመዙትም። «ያስሉ እስቲ፣ ጠንከር አድርገው» ይሉታል። ሳሉ ደካማ ከሆነ አክታውን ማን ያወጣለታል? ከዚያ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ፊኛ አስተንፍሰው በዙሪያው አየር ማለፍ አለማለፉን ያዳምጣሉ። ጉሮሮው አብጦ ከሆነ ቱቦው ሲወጣ ይታፈናላ! ይህን ሁሉ እያስረዱኝ ነው የሠሩት፤ በአማርኛ፣ ሳይሰለቹ።

በወጣለት ቀን አክስቴ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ የዓሣ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ከተፍ አለች። ሲስተሯ ከበር መለሰቻት። አክስቴ እስከ ዛሬ አኩርፋለች። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ቱቦ የቆየበት ጉሮሮ መዋጥ ይቸግረዋል፤ ሾርባው ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ውኃ በማንኪያ ጠብ አድርገው፣ ሳል እንዳይመጣ እያዩ ነው የፈተሹት። ቀጣዮቹን 48 ሰዓታትም ዓይናቸው ከሱ ላይ አልተነሳም።

ለሕክምናው ከ5 አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በቅዳሜና እሁድ ነው። ሲኒየሩ ሐኪም ስለማይገባ ሙከራ የለም፤ ተረኛው «ሰኞ ይታያል» ይላል። ሳንባ ቅዳሜን ያውቃል እንዴ? ማሽን ላይ የሚያልፍ አንድ ተጨማሪ ቀን ለሆስፒታሉ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለታማሚው ግን ድካም ነው፣ ለቤተሰቡ ደግሞ ሒሳብ።

ለአስታማሚ አያያዝ 2፤ እሱም በዝቷል። የምንቀመጥበት ኮሪደር ላይ ያለ አንድ ጠባብ አግዳሚ ነው። የሌለ መድኃኒት ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጣችኋል፤ ሌሊትም ቢሆን በባጃጅ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ነው። ወሬ የምንሰማው ከጥበቃው ነበር። ደግነቱ ጥበቃው ደህና ሰው ነው።

ዘመድ ያላችሁ፣ ጠዋት ራውንድ (ሐኪሞቹ ታማሚዎቹን እየዞሩ የሚያዩበት) ሳይጀመር ድረሱ። «ዛሬ ሙከራ አለው ወይ? ከሌለው ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ማንም አልተቆጣኝም።