ደረት ለማውጣት ሦስት ወር የከፈልኩበት የሰፈራችን ጂም

ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቱ ጎረቤቴ ነው። ተጋድመህ ብረት የምትገፋበት ቤንች ጥሩ ነው፤ ብረቱ መደበኛው 20 ኪሎ ነው፣ መደገፊያውም አይወዛወዝም። ችግሩ ቤንቹ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፣ ከሥራ ወጥተህ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሄድክ ስልኩን እየነካካ የተጋደመበት ሰው አይጠፋም፣ እሱ እስኪነሳ ሰውነትህ ይቀዘቅዛል። ዘንበል የሚለው ቤንች ደግሞ ተበላሽቶ በጣም ቀና እንዳለ ቀርቷል። እኔ የላይኛውን ደረት የምሠራው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ብዙ ቀና ሲል ሸክሙ ወደ ትከሻ ይሄዳል። ዳምቤሎቹ (በአንድ እጅ የሚያዙት ክብደቶች) ግን አንጀቴን አርሰውታል! ከ5 እስከ 30 ኪሎ ጥንድ ጥንዳቸው አለ።

አሰልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነው። "ወንድሜ፣ ክብደቱን ቀንስ፣ ትከሻህን ወደ ኋላ ሰብስብ፣ ቀስ አድርገህ አውርድ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ 80 ኪሎ በግማሽ እየገፋሁ ከምፎክር 60 ኪሎውን ደረቴን እስኪነካ እያወረድኩ 10 ጊዜ ስሠራ ነው ለውጥ ያየሁት። ብቻ በየሳምንቱ የፕሮቲን ዱቄት ግዛ እያለ ይነዘንዘኛል። እንቁላልና ሽሮ አለኝ፣ ተወኝ በቃ! ሻወሩ? ውሃ ከመጣ አለ። የሚቀጥለውንም ወር ከፍያለሁ፣ አሁን ግን ጠዋት ነው የምገባው።