«ፉል ስክሪን» የሚል ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ ሃሪ ፖተርን ገና እየጀመሩ ከሆነና ፊልሙን በዲስክ ልትገዙላቸው ካሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ። እኔ ሁለት ገዝቼ በሁለቱም ተታልያለሁ። አንዱ እዚህ ሜሪላንድ ቤቴ ነው። ሌላው አዲስ አበባ፣ እህቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለ ሥራ ተቀምጧል።

ልጄ የመጀመሪያውን ፊልም ጎረቤት ቤት አይታ መጣችና ሁለተኛውን ካላየሁ አልተኛም አለች። ሁለተኛው «ሃሪ ፖተር ኤንድ ዘ ቼምበር ኦፍ ሲክሬትስ» ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2002 ሲኒማ ቤት ገባ፣ ዲቪዲው ደግሞ እዚህ አሜሪካ ኤፕሪል 2003 ወጣ። በየወሩ እየከፈልን የምናየው ነገር ዛሬ አለ፣ ነገ ተነሥቷል። ዲስክ ግን የራስ ነው ብዬ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። አንድ ሻጭ «አዲስ፣ ያልተከፈተ፣ ባለ ሁለት ዲስክ፣ የረዘመው ቅጂ፣ 174 ደቂቃ» ብሎ ጽፏል። ዋጋው 14 ዶላር። የእህቴም ልጅ መጽሐፉን ጨርሳ ፊልሙን እየጠበቀች ስለነበር ሁለት አዘዝሁ። ፎቶው ላይ የሚታየው የሽፋኑ ፊት ብቻ ነበር። ጀርባውን ላሳይ ያላለ ሻጭ ለምን እንዳላለ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

ዕቃው መጣ። ሽፋኑ ላይ «ፉል ስክሪን» ይላል። ማፈሬን ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ ነው ያለኝ። ቴሌቪዥኔን ሞልቶ የሚታይ መሰለኛ! ቃሉ ግን የተጻፈው ያኔ ሰው ቤት ለነበረው፣ ሣጥን ለሚያክለው ቴሌቪዥን ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የታየው ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ስፋቱ 2.40 ክንድ በሚሆን ቅርጽ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ ለአንድ ክንድ ቁመት ስፋቱ 1.33 ብቻ ነበር። ያንን ሰፊ ምስል ግራና ቀኙን በመቁረጥ ብቻ ላግባው ብትሉ፣ ከመቶው 44 እጁ መቀሱ ላይ ይቀራል። «ሙሉ» የተባለው ጎዶሎው ነው ማለት ነው። ሳይቆረጥ የመጣው «ዋይድስክሪን» የሚለው ነው። ያኔ ሁለቱም ለየብቻ ታሽገው፣ ሽፋናቸው ተመሳስሎ፣ ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። ዛሬ ያገለገለና ከመጋዘን የተረፈ ሲሸጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ይመጣሉ።

ከፈትነው። መጥረጊያ ላይ ተቀምጠው በሚጫወቱት ጨዋታ ላይ ኳሷ ከየት መጣች ሳንል ልጁን መታችው። ሦስቱ ጓደኛሞች ተሰልፈው ሲቆሙ የአንዱ ጆሮ ብቻ ይታያል። በዚያ ላይ የዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ በሪሞት ልሙላው ብላ ስትለጥጠው የሁሉም ፊት እንደ ምጣድ ሰፋ። እኔን ያናደደኝ ሽማግሌው ነው። የአስማት ትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ዳምብልዶርን የተጫወተው ሪቻርድ ሃሪስ ፊልሙ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው የሞተው፣ ከዚያ በኋላ በቦታው ማይክል ጋምበን ገባ። ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ያንን ጢም ይዞ ሲቀርብ ከነሙሉ ክፍሉ፣ ከነመጻሕፍቱ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ደቂቃውስ? ሽፋኑን ገልብጬ አነበብሁ፣ 161 ይላል። ሲኒማ ቤት የታየው ርዝመት ይኸው ነው። 174 ደቂቃ የሚሄደው የረዘመው ቅጂ በ2009 መጨረሻ በወጣው፣ ወፈር ባለ ካርቶን በታሸገው «አልቲሜት ኤዲሽን» ውስጥ ነው ያለው። በ2003ቱ ላይ ተቆርጠው የወጡት ትዕይንቶች ሁለተኛው ዲስክ ላይ ለየብቻ ተቀምጠዋል እንጂ ፊልሙ ውስጥ አልገቡም። ሻጩ የአንዱን ዝርዝር ከሌላው ሽፋን ጋር አጣብቆታል። ስህተት ነው እንዳልል ጽፌለት «ያው ነው» አለኝ።

አንድ ነገር ግን በሐሰት እንዳትከሱ። አውሮፓ ያላችሁ ዲስካችሁ ላይ 154 ወይም 155 ደቂቃ ብታዩ ማንም አልቆረጠባችሁም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፣ ፓል የሚባለው የአውሮፓ ቴሌቪዥን አሠራር በ25 ስለሚያስኬደው ትንሽ ይፈጥናል። ድምፁም ቅጥን ይላል፣ ጆሮ ያለው ይሰማዋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ልምጣ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ምን ያህል ልመና እንዳለው ታውቃላችሁ። ለምኜ ላክሁት። የእህቴ ልጅ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ፣ ፈንዲሻ ተፈንድቶ፣ ዲስኩ ዴኩ ውስጥ ገባ። «ሪጅን ኤረር»፣ የክልል ስህተት ማለት ነው፣ ብሎ ተፋው። አጸዱት፣ እንደገና አስገቡት፣ አሁንም ተፋው። ልጆቹ ፈንዲሻቸውን ጨርሰው ተበተኑ።

ምክንያቱ ከሽፋኑ ጀርባ ታች በኩል ሉል የምትመስል ትንሽ ሥዕል ውስጥ ያለችው ቁጥር ናት። ዲቪዲ በአገር ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። የምዕራብ አውሮፓ አገሮች፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያና አብዛኛው አፍሪካ 5። የ1 ዲስክ ቁጥሩን በሚጠብቅ የ5 ዴክ ላይ አይጫወትም። እርግጥ አገር ቤት ብዙ ዴኮች ሁሉንም እንዲቀበሉ ተደርገው ነው የሚሸጡት፣ ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ችግሩን የማናውቀው። የእህቴ ግን ከዚያ ወገን አልነበረም። «በኮምፒውተር እዩት» ብዬ ደግሞ ሌላ ገደል ልከታቸው ነበር፣ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ቁጥሩ የሚቀየረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ በአምስተኛው ላይ ይቆለፋል። ብሉሬይ፣ ማለትም ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለውን ዲስክ፣ የምትልኩ ከሆነ እዚያ ያለው ክፍፍል በፊደል ነው፤ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ። ፎር ኬ የሚባለው ዲስክ ላይ ይህ ክፍፍል የለም፣ ማጫወቻው ግን ውድ ነው።

ብሉሬይ ስትገዙ ደግሞ «ዲጂታል ኮፒ ተጨምሮበታል»፣ ፊልሙን በኮድ ከኢንተርኔት ታገኛላችሁ ማለት ነው፣ በሚል ተለጣፊ ዋጋ እንዳያስጨምሯችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ኮድ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል፣ በአሮጌ ዕቃ ላይ ያ ቀን ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። አልትራቫዮሌት የሚለውማ፣ ኮዱን ተቀብሎ ፊልሙን በኢንተርኔት ያስቀምጥ የነበረው አገልግሎት ራሱ ጁላይ 31 ቀን 2019 ተዘግቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ገንዘቤን መልስልኝ ብዬ ጻፍሁ። «ማሸጊያው ተከፍቷል፣ አንቀበልም» አለ። ሳልከፍት እንዴት ልይ? ፉል ስክሪን መሆኑን ማስታወቂያው ውስጥ እንዳልጻፈ ፎቶ አንሥቼ ሻጩ ለሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ድርጅት አቀረብሁና የአንዱን መለሱልኝ። የሁለተኛውን ግን ከአገር ስለወጣ መልሶ መላክ አይቻልም ተባለ፤ ቢቻልም ማጓጓዣው ከዲስኩ ይበልጣል። እናንተ ካዘዛችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ በሉት። ደቂቃውን፣ «ዋይድስክሪን» የሚለውን ቃልና የሉሏን ቁጥር አጉልታችሁ እዩ። አልልክም ካለ እለፉት።

ትናንት ማታ ገጹን ከፍቼ አየሁ። 174 ደቂቃ የሚለው አሁንም አለ፣ ከሥሩ በቀይ «የቀሩት አራት ብቻ ናቸው» ይላል።