ቤታችን መጥታ የሩዝና የእህል ፒላፍ ላስተማረችን እህት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ጓደኞች። ዛሬ አንዲት ባለሙያ ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ብዬ ነው። ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ሥራዋ ሰው ቤት እየሄደች ምግብ መሥራትና ማስተማር ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናት። ጅዳ ለብዙ ዓመት በሰው ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰች፣ አሁን አዲስ አበባ በዚሁ ሙያዋ ትተዳደራለች። እኛን ያስተማረችን ሩዝና ሌሎች እህሎችን በቁሌትና በቅመም ፍሬው ሳይላቁጥ ማብሰል ነው። ፒላፍ የሚባለው ዓይነት፣ ዓረቦቹ ከብሳ፣ መንዲ እያሉ በየስሙ የሚሠሩት።

እኛ ዘንድ ሩዝ ብዙም ክብር የለውም። ለሕፃን ይቀቀላል፣ ሆዱን ላመመው ይቀቀላል፣ በጾም እንጀራ የሰለቸን ቀን ከድንችና ካሮት ጋር ይቀርባል፣ በቃ። ድሬዳዋ፣ ሐረር ወይ ጅግጅጋ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝንልናል። እዚያ ሩዝ በስጋ የእንግዳ ምግብ ነው። ጅግጅጋ ላይ እንዲያውም ሙዝ አብሮ ይቀርብና ከሩዙ ጋር እየተጎረሰ ይበላል። ለማያውቀው ይገርማል፣ አንዴ የሞከረው ግን አይተወውም።

መጀመሪያ የወደድኩላት ከመምጣቷ በፊት ደውላ የጠየቀችኝን ነው። ምድጃችሁ የኤሌክትሪክ ነው የጋዝ? ድስታችሁ ታቹ ወፍራም ነው? ክዳኑ በደንብ ይገጥማል? የሚበላው ስንት ሰው ነው፣ የሚጾም አለ ወይ? ከዚያ በኋላ ነው የሚገዛውን የነገረችን፣ እሱም አጭር ነበር። ውድ ዕቃ ግዙ አላለችም። ቤት ያለውን ቅመም በየብልቃጡ እየከፈተች አሸተተች፣ የደከመውን ለይታ "ይሄ ጊዜው አልፏል፣ ትንሽ አዲስ ግዙ" አለች፣ ሌላውን ባለው ሠራች።

ቀጥሎ የውሃውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰውን ሩዝ እምቢ የሚለው እዚህ ላይ ነው። የባስማቲ ፓኬት ላይ የሚጻፈው የውሃ መጠን አዲስ አበባን አስቦ የተጻፈ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጅዳ ቀይ ባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነች እዚያ 100 ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ ሩዙ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ በእንፋሎት የሚወጣው ውሃም ይበዛል። እሷ ይህን በዲግሪ አላወራችልኝም፣ በእጇ ነው የምታውቀው። "ጅዳ ለአንድ ኩባያ አንድ ተኩል ይበቃኝ ነበር፤ እዚህ ስመለስ ፍሬው መሀሉ አልበስል አለኝ፣ እየጨመርኩ እየጨመርኩ ልኩን አገኘሁት" አለችኝ። አሁን ለታጠበና ለተዘፈዘፈ ባስማቲ አንድ ኩባያ ሩዝ በአንድ ከሦስት አራተኛ ኩባያ ውሃ ትይዛለች፣ እኛም እንደዚያ እያደረግን ነው።

ሩዙን ስታጥብ አትቸኩልም። የመጀመሪያው ውሃ ወተት መስሎ ይወጣል፣ ጠርቶ እስኪወጣ ትደጋግማለች። ያ ነጭ ነገር ስታርች ነው፣ ፍሬውን እርስ በርሱ የሚያጣብቀው እሱ ነው። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ትዘፈዝፈዋለች፣ በወንፊት አጥልላ በደንብ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ትተወዋለች። የራሰ ሩዝ ቶሎ ስለሚሰበር ከዚህ በኋላ በእጅ ማሸት የለም።

አሁን ደግሞ እኔን ያስደነቀኝ። ሽንኩርቱ ቀላ እስኪል በዘይት ተቁላልቶ፣ ቅመሙ ገብቶ፣ የተንጠፈጠፈው ሩዝ ድስት ውስጥ ሲገባ ድምፅ አለው። መጀመሪያ እርጥብ ድምፅ ነው፣ ሽሽሽ ይላል። እሷ በቀስታ እያገላበጠች ዝም ብላ ትሰማለች። እርጥበቱ ሲያልቅ ድምፁ ይቀየራል፣ ፍሬው ጭልፋውን ሲነካ ደረቅ ያለ ኮሽታ ያሰማል፣ ሽታውም ይለወጣል። "ስሚው እስቲ" ብላ ድስቱ ላይ ጎንበስ አደረገችኝ። "አሁን ነው ውሃ የሚሰጠው።" የምትጨምረውም የፈላ ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ አታስነካውም። አንዴ ከተንተከተከ በኋላ እሳቱን ዝቅ፣ ክዳኑ ሥር ንጹሕ ፎጣ (ጫፉ ወደ እሳቱ እንዳይወርድ ወደ ላይ ታጥፎ)፣ ከዚያ መክፈት የለም፣ ማማሰል የለም። ሃያ ደቂቃ አካባቢ። ከእሳት ወርዶም አሥር ደቂቃ ይረፍ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ። ምድጃውን ዝቅ ብታደርጉትም ብረቱ ለደቂቃዎች እንደጋለ ይቆያል፣ ሩዝ ታቹ የሚያርረው በዚያ ነው። እሷ ሁለተኛውን ምድጃ ቀድማ ዝቅ ባለ ሙቀት አሙቃ ታቆየዋለች፣ ውሃው እንደተንተከተከ ድስቱን አንስታ ወደዚያ ታዛውራለች። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ግን ማንም ነግሮን አያውቅም።

የዶሮ ከብሳ ስንሠራ ደግሞ መብራት ጠፋ። ሩዙ ገና ከመክደናችን። እማዬ "አይ፣ ተበላሸ!" አለች። እሷ ምንም አልተደናገጠችም። "እማማ፣ ክዳኑን እንዳይከፍቱብኝ ብቻ፣ ጋቢ ይስጡኝ" ብላ ድስቱን በወፍራም ፎጣ፣ ከላይ በጋቢ ጥቅልል አድርጋ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። የፈላ ድስት ሙቀቱን ይዞ ከቆየ ሩዝ ለመብሰል ሌላ እሳት አይፈልግም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይተን ስንከፍተው ፍሬው ለየብቻው፣ ዶሮው ትኩስ፣ ቤቱ በሙሉ በቅርንፉድና በቀረፋ ታውዷል። የእማዬን ፊት ብታዩት።

ቅመሟ የጅዳና የእኛ ድብልቅ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ ሳይፈጩ ይገባሉ፣ ከሙንና እርድ ተፈጭተው። ዓረቦቹ የሚጨምሩት የደረቀ ጥቁር ሎሚ ካልተገኘ መጨረሻ ላይ ትኩስ ሎሚ ጨመቅ ታደርጋለች። ሄል ባለቀ ጊዜ ኮረሪማ ትጠቀማለች፣ ኃይለኛ ስለሆነ ግን በጣም ትንሽ። እኔ በበኩሌ የኮረሪማው ይበልጥብኛል፣ የቤታችን ጠረን አለው።

አንዱን አርብ የጾም አሳየችን፣ ምስር በሩዝ። ድፍን ምስሩ በግማሽ ይቀቀላል፣ ከሩዙ ጋር ገብቶ አብሮ ይጨርሳል። ብዙ ሽንኩርት በረጅሙ ተከትፎ በዘይት እስኪጠቁር ድረስ ሳይቸኩሉ ይጠበስና ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ላይ። እሷም እማዬም ስለሚጾሙ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ጨው በመዳፏ መጠነች፣ ቅመሙን በእንፋሎቱ መዓዛ ነው የለየችው። ስንበላው የጎደለ ነገር አላገኘሁበትም። ሙያ ማለት ይሄ ነው።

ሩዝ ብቻ አይደለም ያልኳችሁ ለዚህ ነው፦ ቅንጬ እንደዚህ ሊሠራ እንደሚችል አስቤ አላውቅም። የስንዴ ቅንጬውን መጀመሪያ በደረቁ ታምሰዋለች፣ ቆሎ ቆሎ እስኪሸት። ከዚያ ወደ ቁሌቱ፣ ለአንድ ኩባያ ሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ፣ ዝቅ ባለ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል። መጨረሻ ላይ ንጥር ቅቤ አንድ ማንኪያ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ቡልጉር ቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ የእኛ ቅንጬ ግን ጥሬ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ጣዕሙ ግን ይበልጣል። ማሽላና ድፍን ገብስ ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ያድራሉ፣ እንደ ንፍሮ በብዙ ውሃ ተቀቅለው ይጠለላሉ፣ ከዚያ ነው ከቁሌቱ ጋር የሚገናኙት። ከሩዝ ጋር አንድ ላይ ጥሬውን ካስገባችሁ አንዱ ሲላቁጥ ሌላው ጥርስ ይሰብራል።

የፎገራ ሩዝም አልናቀችም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ብዙ ሰው ከውጭ ካልመጣ ሩዝ አይመስለውም፣ እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ከተማ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው አገር ላይ ሆነን። ፍሬው አጠር ያለና ተያያዥ ነው፣ ለከብሳ አይመቸውም ትላለች፣ ከምስርና ከአትክልት ጋር ግን ደህና አድርጎ ይሄዳል። ውሃ ትንሽ ቀንሱለት፣ ድንጋዩን በደንብ ልቀሙ።

የተረፈ ሩዝ ሌሊቱን ውጭ እንዳናሳድር አጥብቃ ነገረችን። ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግቶ ቶሎ ማብረድና ፍሪጅ ማስገባት። በውጭ ያደረ ሩዝ ዳግም ቢሞቅም ሆድ ሊያውክ ይችላል፣ ልጅ ያላችሁ በተለይ።

ስለ አሠራሯ፦ ክፍያዋን ቀድማ በስልክ ትነግራችኋለች፣ ከተባባልነው ላይ ሳንቲም አልጨመረችም። ባለችው ሰዓት ትመጣለች። ያቆሸሸችውን አጥባ፣ ምድጃውን ወልውላ ነው የምትሄደው። ለማስተማር ስትመጣ ከጎኗ ቆሞ የሚያይና እጁን የሚያስገባ ሰው ትፈልጋለች፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ብዙም ደስ አይላትም። የሠርግና ትልቅ ድግስ አትወስድም፣ ለቤተሰብና ለትንሽ ግብዣ ነው የምትሠራው።

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ ሰው ያነብልሽ ይሆናል። እጅሽ ይባረክ። እማዬ አሁን እሁድ እሁድ ድስቱን ለማንም አትሰጥም፣ ጎንበስ ብላ ትሰማለች።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እሰጣችኋለሁ። ለፋሲካ ያሰባችሁ ግን ከአሁኑ ተናገሩ፣ የበዓል ሰሞን ቀኖቿ ቶሎ ነው የሚያዙት።