ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ቀና ብዬ እንድራመድ ላደረገችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። አንጀቴ ተዘግቶ በድንገት ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር፣ ከእምብርቴ በላይ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ የወረደ ረጅም ስፌት። ሰርጀኖቹን እግዜር ይስጣቸው፣ ያተረፉኝ እነሱ ናቸው፣ ግን እነሱን ሁሉም ሰው ያመሰግናል፣ እኔ ማንሳት የፈለግኩት ማንም የማያስታውሳትን የዋርዷን ፊዚዮቴራፒስት ነው። በሽተኛው ሁሉ ሲስተር እያለ ነው የሚጠራት፣ እሷም ማረሙ ሰልችቷት ነው መሰለኝ ዝም ብላ አቤት ትላለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም፣ የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

መጀመሪያ ስትመጣ ጠልቻት ነበር በቃ። ገና ከኦፕራሲዮን በወጣሁ ማግስት "በል እንነሳ" ስትለኝ ይቺ ልጅ ጤነኛ ናት ወይ አልኩ። ግን እንዲሁ ጎትታ አላስነሳችኝም፣ ነርሷን ጠርታ ማስታገሻ መቼ እንደወሰድኩ ጠየቀች፣ መድሃኒቱ እስኪይዝልኝ ጠብቃ ተመልሳ መጣች። ተኝተህ ከቀረህ ሳንባህ በደንብ አየር ስለማይገባው አክታ ይጠራቀምና ኒሞኒያ ይመጣል፣ እግርህ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል አለችኝ። ከዛ አነሳሷን አሳየችኝ፣ ቀጥ ብሎ በሆድ ጉልበት መነሳት የለም፣ ጉልበትህን ታጥፋለህ፣ ትከሻና ዳሌህን አንድ ላይ አድርገህ እንደ ግንድ ወደ ጎንህ ትንከባለላለህ፣ እግርህን ከአልጋው ታወርድና በክንድህ ገፍተህ ትቀመጣለህ። ሳልና ማስነጠስ ሲመጣ ደግሞ ትራስ ሆድህ ላይ ጠበቅ አድርገህ ታቅፋለህ። ትራሷ ቀላል ነገር ትመስላለች ግን በሷ ምክንያት ሳል መፍራት ተውኩ፣ ሳቅም ጭምር (ጠያቂ ሆኖ መጥቶ የሚያስቅ ሰው ጠላት ነው እኮ)።

የህመሙን ነገር ደግሞ እንደሷ ያስረዳኝ የለም። እኔ ወንድ ነኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምቆየው፣ እሷ ግን ህመሙ ከገነነ በኋላ ማውረዱ ከባድ ነው፣ ሐኪም ያዘዘልህን ፓራሲታሞል ሰዓቱን ጠብቀህ ውሰድ፣ እሱ ከስር ከያዘልህ ጠንካራዎቹ በትንሹ ይበቁሃል አለችኝ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም እንዳይበልጥ፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ቢሆን 8 ፍሬ፣ ጉበቱን የታመመ ወይም ሰውነቱ የከሳ ሰው ደግሞ ከዛም ያነሰ ስለሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ የጉንፋን መድሃኒቶችም ውስጥ ስለሚገኝ ሳታውቁ እንዳትደርቡት። ትራማዶልና ሞርፊን የመሳሰሉት ሆድ ያደርቃሉ፣ አዲስ ስፌት ይዞ ማማጥ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ስለዚህ ማለስለሻ ይታዘዝልኝ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጎኔ የተኛው ሰውዬ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው) ነበር የተሰራለት፣ ሆዱን ትቶ ትከሻዬን ትከሻዬን እያለ ልቤ ነው ብሎ ሊሞት ደረሰ፣ ሆዱን ለመንፋት ያስገቡት ጋዝ ዲያፍራሙን (ከሳንባ ስር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ሲነካው ህመሙ ትከሻ ላይ እንደሚሰማ ስትነግረው ነው የተረጋጋው።

ሰው ስፌቱ ሲወጣ እንኳን ለዚህ አበቃህ ብሎ ይበተናል፣ የኔ ሌላኛው ጣጣ ግን የጀመረው ያኔ ነው። ጠባሳው እየጠነከረ ወደ ውስጥ ይስበኛል፣ ያሳክከኛል፣ ቀና ስል የሚቀደድ ስለሚመስለኝ ጎንበስ ብዬ ነበር የምሄደው፣ በዛ ላይ ወገቤን ያመኝ ጀመር። ተመላላሽ ሆኜ እሷው ጋ ስሄድ መጀመሪያ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አየች፣ ቅርፊት ወይም የሚያዥ ነገር ካለ አትነካውም። ከዛ ማሸት አስተማረችኝ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን ቀጥሎ ራሱን ጠባሳውን፣ በሁለት ጣት ጫን ብሎ ቆዳውን ከስሩ ካለው ጋር ማንቀሳቀስ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ጎን በክብ፣ ቆዳውን መፈተግ አይደለም። በቀን ሁለቴ ለተወሰነ ደቂቃ። የደነዘዘውን ቦታ በጥጥ፣ በጨርቅ፣ በፎጣ እየቀያየርኩ እንድነካካው አደረገችኝ፣ ትንንሽ ነርቮች ስለተቆረጡ ነው አለችኝ፣ የተወሰነው ስሜት ተመልሷል የቀረው ግን አሁንም ድንዝዝ ነው።

ሲሊኮን ጄል ወይም ልጥፉን ካገኛችሁ ይረዳል፣ ልጥፉ ግን በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ለወራት ካልተደረገ ብዙም አይጠቅምም። በጣም የወደድኩላት ደግሞ አትዋሽም። ጠባሳው አይጠፋም፣ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል፣ አንድ ዓመትና ከዛም በላይ እየተለወጠ ይቆያል፣ ውስጥ የተጣበቀ አንጀት በእጄ አላቅቃለሁ ብዬ አላታልልህም አለችኝ። አንዱ ጫፍ ከፍ ከፍ ሲል ከተቆረጠው መስመር አልፎ ጤነኛው ቆዳ ላይ ከሄደ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፣ ያ የኔ ስራ አይደለም የቆዳ ሐኪም በመርፌ ያክመዋል ብላ ራሷ ወረቀት ጽፋ ላከችኝ። ይሄ ነገር ጥቁር ቆዳ ላይ ስለሚበዛ ተከታተሉት።

የምትታማበት ነገር ቢኖር ወረፋዋ ነው፣ ማንንም አታቻኩልም ስለዚህ ቀጠሮ ሁሌ ይንሸራተታል፣ ቸኩላችሁ አትሂዱ። ንግግሯም ቆጣ ያለ ነው።

በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ እናቶችም ይሄ ይመለከታችኋል፣ የትም ብትታከሙ ከመውጣታችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒስት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ማሸት መቼ እንደምትጀምሩና ከባድ ነገር መቼ ማንሳት እንደምትችሉ ግን ከቀደዳችሁ ሐኪም ስሙ። ትኩሳት 38 ካለፈ፣ መግል ከመጣ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ህመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ደግሞ እሷ ጋ ሳይሆን ቀጥታ ሐኪም ቤት።

እህቴ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ከዚህ በኋላ ወረፋው ቢብስብሽ እኔን ውቀሽኝ።